የሱፐርካር ሞተር ለምን ሙሉ በሙሉ ከቲታኒየም አይሠራም?

ጀማሪ ፒስተን (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የዋህ ሊመስል ይችላልና አትሳቁብኝ። ባለ አሥር ሲሊንደሩ ሌክሰስ ኤልኤፍኤ ቢዬላውም (ፒስተኑን ከሚሽከረከረው ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ቫልቮቹም ቲታኒየም መሆናቸውን አነበብኩ። ሞተሩ መኪናው ቆሞ ከሚያሰማው ዝቅተኛ ዙር ተነስቶ በደቂቃ 9000 ዙር ለመድረስ 0.6 ሴኮንድ ብቻ ይበቃዋል። መርፌ ያለው የዙር መቁጠሪያ ሊከተለው ስላልቻለ ዲጂታል ማሳያ ገጠሙለት።

ቲታኒየም እንዲህ ቀላልና ጠንካራ ከሆነ ታዲያ ብሎኩን (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተሩን አካል)፣ ፒስተኑን፣ ክራንክሻፍቱን ሁሉ ከእሱ ሠርቶ መገላገል አይሻልም? እነዚህ መኪኖች ላይ የገንዘብ ነገር አያሳስባቸውም። ይበልጥ ግራ ያጋባኝ ደግሞ የኮኒግሴግ ጄስኮ ቢዬላ ብረት መሆኑ ነው። ከሁለቱ የተሳሳተው ማነው?

ቶርኖ

ማንም አልተሳሳተም፤ ጥያቄህም የዋህ አይደለም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ብረት በመላግ ነው፤ ይህንኑ ጥያቄ ከአንተ የበለጠ ከተማሩ ሰዎች ሰምቼዋለሁ።

መጀመሪያ ቢዬላው ላይ የሚደርሰውን በቁጥር እንየው። ፒስተኑ ሽቅብና ቁልቁል 80 ሚሊሜትር ይጓዛል፣ ሞተሩም 9000 ዙር ላይ ነው እንበል። በሴኮንድ 150 ዙር ማለት ነው፤ ፒስተኑ በዚያች አንዲት ሴኮንድ ውስጥ 300 ጊዜ ቆሞ 300 ጊዜ ይነሳል። ላይኛው ጫፍ ደርሶ ሲመለስ የሚያገኘው ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት ከ4500 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ከነፒኑና ከነፋሻው (ዙሪያውን ካሉት ቀለበቶች ጋር) 400 ግራም የሚመዝን ፒስተን በዚያች ቅጽበት ቢዬላውን 1800 ኪሎ ግራም እንደተንጠለጠለበት አድርጎ ይጎትተዋል። ዙሩን በእጥፍ ብታሳድገው ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። ቢዬላው ራሱም ክብደት አለውና ራሱን በራሱ ይጎትታል። ቲታኒየም ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ የሚመላለስ ነገር ላይ። ሆንዳ በ1990 በኤንኤስኤክስ ላይ የቲታኒየም ቢዬላ ያስገባው ባለ 3 ሊትሩን ሞተር 8000 ዙር ለማድረስ ብሎ ነው፤ ለገበያ በተሠራ መኪና ላይ ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

ብሎኩ ግን አይመላለስም፤ ተቀምጦ ሙቀት ያስተላልፋል። ቲታኒየም ደግሞ ሙቀት ማስተላለፍ ላይ ሰነፍ ነው፤ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ጋር ሲነጻጸር አቅሙ ሃያ እጥፍ ያህል ያንሳል። ከእሱ ፒስተን ብትሠራ አናቱ ላይ ያረፈው ሙቀት መሄጃ አጥቶ እዚያው ይከማቻል፤ ቤንዚኑም ሻማው ሳይተኩስ በራሱ መቀጣጠል ይጀምራል። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ሆኖ ሳለ ከ2000 ዲግሪ በላይ የሚደርስ እሳት ሥር የሚኖረው በሙቀት ማሳለፍ ችሎታው ነው። የተቀበለውን ሙቀት በፋሻው በኩል ለሲሊንደሩ፣ ከሥር ለሚረጨው ዘይትም ቶሎ ቶሎ ያስረክባል።

ዘጠኝ ሺህ ዙር

ጋሼ ቶርኖ ከተናገሩ በኋላ ክሩ ይዘጋ የሚል ሐሳብ አለኝ።

የቅይጥ ነገር

አይዘጋ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ «ቲታኒየም ቀላልና ጠንካራ ነው» ይላል፤ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ እያነሳ ነው። ጥንካሬ ማለት ሳይበጠስ ምን ያህል ይችላል ነው። ግትርነት ደግሞ ሲጎትቱት ምን ያህል ይለጠጣል ነው። የብረት ግትርነት 205 ጊጋፓስካል ገደማ፣ የተለመደው ቲታኒየም ቅይጥ 114፣ አሉሚኒየም 70 ገደማ ነው። እነዚህን በእፍጋታቸው አካፍሏቸው፦ ብረት በ7.85፣ ቲታኒየም በ4.43፣ አሉሚኒየም በ2.7። የሦስቱም መልስ 26 አካባቢ ይመጣል! ማግኒዚየምም ቢሆን ያው ነው። ተፈጥሮ በዚህ በኩል ለማንም አላደላችም። የቲታኒየም ቢዬላ እንደ ብረቱ እንዳይለጠጥ ከተፈለገ መወፈር አለበት፤ ከወፈረ ደግሞ ከቀላልነቱ ከፊሉ ይሄዳል።

ከዚህ ሕግ ያመለጠው ቤሪሊየም ነው፤ የእሱ ስሌት 160 አካባቢ ይደርሳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፎርሙላ 1 የአሉሚኒየምና የቤሪሊየም ቅይጥ ፒስተን ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ከዚያ ደንቡ ይኸው በእፍጋት የተካፈለ ግትርነት ከ40 እንዳይበልጥ ገደብ ጣለና ነገሩ አበቃ። ሲላግ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ከገባ የማይድን በሽታ ያመጣልና እኔ ክልከላው አያሳዝነኝም።

ጀማሪ ፒስተን

ገባኝ። ግን ጥንካሬው ላይስ? እዚያስ ቲታኒየም አይበልጥም?

የቅይጥ ነገር

ከየትኛው ብረት ጋር እንደምታወዳድረው ይወሰናል። 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም ያለበት የተለመደው ቲታኒየም ቅይጥ የሚበጠሰው ከ900 እስከ 1000 ሜጋፓስካል ባለው ውስጥ ነው። 300ኤም የሚባለው ብረት ግን 1900 ያልፋል፤ የአውሮፕላን ማረፊያ እግር የሚሠራበት ነው። በየእፍጋታቸው አካፍለህ እየው፤ ብረቱ ይበልጣል። በእርግጥ አንድ ጊዜ ጎትቶ መበጠስና በሚሊዮን ጊዜ ጉተታ ማድከም አንድ አይደሉም፤ ነገር ግን «ቲታኒየም ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው ነገር እውነት አለመሆኑን ለማየት ይህ ይበቃል።

ጥርጣሬ

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ይህ ለኮኒግሴግ ጥብቅና መቆም መሰለኝ። ብረቱ እውነት የሚበልጥ ቢሆን ኖሮ የቲ.50ንና የቫልኪሪን ሞተር የሠራው ኮስዎርዝ ለምን ቲታኒየም ያደርጋል? የጎርደን መሪ ቲ.50 ሞተር 12,100 ዙር ይዞራል፤ ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሆኖ ሳለ ክብደቱ 178 ኪሎ ነው፤ ቢዬላውም ቫልቩም ቲታኒየም ነው። የአስቶን ማርቲን ቫልኪሪም እንዲሁ። በዓለም ላይ ከፍተኛውን ዙር የሚዞሩት የመንገድ ሞተሮች ቲታኒየምን ከመረጡ ክርክሩ አልቋል።

ቶርኖ

አላለቀም ልጄ። ጥያቄው ቢዬላው ላይ የሚበረታው ኃይል የቱ ነው የሚል ነው። ቲ.50 ቱርቦ (በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ሞተሩ ውስጥ አየር የሚጭነው) የለውም፤ ፒስተኑን ከላይ የሚጫነው ጋዝ መጠነኛ ነው፤ ዙሩ ግን እብደት ነው። እዚያ ቢዬላውን የሚያሰቃየው የራሱና የፒስተኑ ክብደት ስለሆነ እያንዳንዷ ግራም ትቆጠራለች፤ ቲታኒየም ትክክለኛ ምርጫ ነው። ጄስኮ ደግሞ 5 ሊትር ሆኖ ሁለት ቱርቦ አለው፤ በኢ85 (አብዛኛው አልኮል በሆነ) ነዳጅ 1600 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። የሚቆመው 8500 ዙር ላይ ነው። እዚያ ቢዬላውን የሚፈትነው ከላይ የሚወርድ የጋዝ ጭነት ነው። ከላይ ሲጫኑት ክራንክሻፍቱን ያቀፈው ክብ ጫፍ ሞላላ እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ ሞላላ ከሆነ ብሮንዙ (በቢዬላውና በክራንክሻፍቱ መካከል ያለው ስስ ተሸካሚ) የዘይቱን ሽፋን ያጣል፤ ዘይቱን ያጣ ብሮንዝ ደግሞ ዕድሜው በሴኮንድ ነው። ለዚህ ግትርነት ያስፈልጋል፤ ግትርነትን በትንሽ ቦታ የሚሰጥህ ብረት ነው። እነሱም ከነቡሎኑ 540 ግራም ብቻ የሚመዝን የብረት ቢዬላ ሠርተዋል። አንድ ቀን እጄ ላይ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። ቲታኒየም ከሌላ ብረት ጋር ሲፋተግ ይነክሳል፤ ይጣበቅና እየቦጨቀ ይሄዳል። ስለዚህ የቢዬላው ጎኖች በክሮሚየም ናይትራይድ ወይም በሞሊብዲነም መለበስ አለባቸው። ልባሱ ላይ ጭረት ከገባ ከዚያች ጭረት ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል። ብረት እንዲህ አይቀየምም።

ጥርጣሬ

የጋዝና የክብደት ጭነት የሚለውን አላሰብኩበትም ነበር። ተቀብያለሁ። የጥብቅናውን ቃል አንስቻለሁ።

ዝምተኛ ማርሚታ

ክራንክሻፍቱን ሁላችሁም ዘላችሁት ሄዳችሁ፤ ለእኔ ግን ከሞተሩ ሁሉ ቆንጆው እሱ ነው። የቫልኪሪ ክራንክሻፍት እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። 170 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 775 ሚሊሜትር ርዝመት ካለው አንድ ድፍን የብረት በትር ይጀምራል። መጀመሪያ በሻካራው ይላጋል፤ በሙቀት ይታከማል፤ ከዚያ ወደ ቅርጹ ይላጋል፤ እንደገና በሙቀት ይታከማል፤ ጥርሱ ይሞረዳል፤ የመጨረሻው ሙረዳ ይከተላል፤ በስተመጨረሻ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ይወለወላል። ሥራው ሲያልቅ ከበትሩ 80 በመቶው ፍርፋሪ ሆኖ ወለል ላይ ቀርቷል። የተረፈው ክራንክሻፍት አስቶን ማርቲን በቀደመው መኪናው በዋን-77 ላይ ካስገባው በግማሽ ይቀላል።

ከላይ የተጠቀሰው ቲ.50ም ቢሆን ክራንክሻፍቱ ብረት ነው፤ 13 ኪሎ ይመዝናል። የጄስኮው 12.5 ኪሎ። ኪሎ ለመቀነስ የተጠየቀውን ሁሉ በሚከፍሉት ሞተሮች ላይ ብረት ቦታውን ያልለቀቀበት ምክንያት ይህ ነው፦ ክራንክሻፍት ይጠመዘዛል፣ ይታጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ እነዚህን የሚገታው በተሰጠው ጠባብ ቦታ ውስጥ ያለው ግትርነት ነው። ላዩ ደግሞ 500 ዲግሪ አካባቢ በአሞኒያ ጋዝ ውስጥ ቆይቶ ናይትሮጅን እየጠጣ ይጠነክራል። ናይትራይዲንግ ይሉታል። ውስጡ እሺ ባይ፣ ቆዳው እልኸኛ ሆኖ ይቀራል።

ዘጠኝ ሺህ ዙር

«ውስጡ እሺ ባይ፣ ቆዳው እልኸኛ።» አለቃዬን ገለጽከው።

የተጣበቀው

ከራሴ የደረሰ ልናገር፤ ምክንያቱም እዚህ ስለ ጥንካሬ ብዙ ተወራ፣ ስለ መስፋፋት ግን ማንም አላነሳም።

የፋብሪካ ፒስተኖቼን አውጥቼ በመቀጥቀጥ የተሠሩ የእሽቅድምድም ፒስተኖች አስገባሁ። ቅይጡ 2618 ነበር። ይህ ቅይጥ ሲሊከን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሲመታ ይታጠፋል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። ኮንኮርድ አውሮፕላን ከድምፅ በላይ ሲበር አካሉ ይግል ስለነበር የተሠራው ከዚሁ ቤተሰብ በሆነ አሉሚኒየም ነው። ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ 12 በመቶ ገደማ ሲሊከን ካለበት 4032 ይልቅ ሲሞቅ በግልጽ ይሰፋል። ከፒስተኑ ጋር የመጣው ወረቀት በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል 9 መቶኛ ሚሊሜትር ክፍተት ይኑር ይላል። የገጠመልኝ ሰው ወረቀቱን አላየም፤ በለመደው በፋብሪካው ልክ 4 መቶኛ ተወው። እኔም አልጠየቅኩም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ነዳሁ። መጀመሪያ ጉልበቱ ቀስ እያለ ሲወርድ ነዳጁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እንደ ወፍራም ጨርቅ መቀደድ ያለ ድምፅ መጣና ሞተሩ ቆመ። ስንከፍተው የሦስተኛው ፒስተን ቀሚስ (የታችኛው ጎኑ) በአንድ ወገን እንደ መስተዋት ያበራል፣ በሌላው ወገን ተቦጫጭቋል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ አሉሚኒየሙ እንደ ሳሙና ተለቅልቋል። በጥፍሬ ስፍቀው በስሱ ተነሳ። አምስት መቶኛ ሚሊሜትር ማለት ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው፤ ሞተሬ የሄደው በእሷ ነው።

በትክክለኛው ክፍተት የተገጠመ 2618 ደግሞ ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ይንኳኳል። አትደንግጡ፤ እስኪሰፋ ነው።

ቶርኖ

አይዞህ። ሙያው ያለው ወረቀት ማንበብ ላይ ነው የምለው ለዚህ ነበር፤ ማንም አይሰማኝም እንጂ።

ጀማሪ ፒስተን

በጣም አዝናለሁ የተጣበቀው ወንድሜ። ግድግዳውን ካነሳህ አይቀር፣ አሉሚኒየም ብሎክ ውስጥ የአሉሚኒየም ፒስተን እንዴት ይሄዳል? አሁን እንደነገርከን ይጣበቃል ማለት ነው።

የቅይጥ ነገር

በትክክል፤ ለዚህ ነው መሃከላቸው ሌላ ነገር የሚገባው። የጥንቱ መፍትሔ የጊዛ ካሚቻ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባ የቀለጠ ብረት ሥሪት እጅጌ ነው፤ አስተማማኝ ነው፣ ግን ከባድና ወፍራም ነው፤ ሙቀቱንም ያዘገየዋል። ሁለተኛው ኒካሲል ነው። የኒኬል ልባስ ሆኖ ውስጡ የሲሊከን ካርባይድ ቅንጣቶች የተበተኑበት፣ ውፍረቱም ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ በታች የሆነ። ቅንጣቶቹ ከአብዛኛው ነገር ይጠነክራሉ፤ በመካከላቸው ዘይት ይይዛሉ። ባለ አሥር ሲሊንደሩ ፖርሽ ካሬራ ጂቲ በዚህ የተለበሰ ነው። ጠላቱ ድኝ ነው። በ1990ዎቹ ድኝ የበዛበት ቤንዚን በሚሸጥባቸው አገሮች የአንዳንድ ሞተሮች ልባስ ተበልቶ ሞተሮቹ ጋዙን አፍኖ የመጭመቅ ኃይላቸውን አጥተዋል።

ሦስተኛው ደግሞ የሚረጭ ነው። በኒሳን ጂቲ-አር አር35 ሞተር ላይ ብረት በፕላዝማ ቀልጦ በግድግዳው ላይ ይረጫል፤ የሚቀረው ሽፋን 0.15 ሚሊሜትር ነው። የጊዛ ካሚቻ ወጥቶ ወረቀት የመሰለ ብረት ተተካ ማለት ነው፤ ሙቀቱም በፍጥነት ወደ ውሃው ያልፋል።

ዝምተኛ ማርሚታ

ወደ እኔ ሰፈር፣ ወደ ጭሱ እንምጣ። የቤንዚን ቱርቦ ሞተር ጭስ ወደ 1000 ዲግሪ ይጠጋል። አሉሚኒየም እዚያ ውሃ ነው፤ ቲታኒየምም በዚያ ግለት ከአየሩ ኦክስጅን እየጠጣ ይሰባበራል፤ የሚያምረው የቲታኒየም ማርሚታ ከሞተሩ ራቅ ብሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ለሞተሩ ቅርብ የሆነው ቱቦ ኢንኮኔል ይሆናል፤ ከግማሽ በላይ ኒኬል፣ አንድ አምስተኛ አካባቢ ክሮሚየም ያለበት ቅይጥ። ኤክስ-15 የተባለችው የሮኬት አውሮፕላን ቆዳዋ ከዚሁ ቤተሰብ ነበር። ግለቱን ስለሚችል ቱቦው በጣም ስስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ራሱ ከብረት ይከብዳል፣ የሚቀለው በስስነቱ ነው።

የቱርቦው መዘውር ላይ በ1989 የወጣው ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ብልሃት ሞክሮ ነበር፤ መዘውሩን ከሴራሚክ፣ ማለትም ከሲሊከን ናይትራይድ ሠራው። ከኒኬል ቅይጥ ግማሽ እንኳን ስለማይመዝን ቶሎ ይሽከረከራል። ፋብሪካው በወሰነው ግፊት ላይ ምንም አይልም። ባለቤቶቹ ግን ግፊቱን ከፍ ሲያደርጉ መዘውሩ ከዘንጉ ይላቀቅና ይሰባበር ነበር። ሴራሚክ አይታጠፍም፣ አያስጠነቅቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚናገረው።

ቫልቩ ላይ ያለው ጥበብ ደግሞ ይበልጥ ያስቀናል። የ2006ቱ ኮርቬት ዚ06 አየር የሚያስገባው ቫልቭ ቲታኒየም ነው፤ ጭስ የሚያስወጣው ግን ብረት ሆኖ ዘንጉ ክፍት ነው፣ ውስጡም ሶዲየም አለ። ሶዲየም 98 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ቫልቩ ሲወጣና ሲወርድ ፈሳሹ ጠርሙስ ውስጥ እንደሚናወጥ ውሃ ከታች ወደ ላይ ይንቦጫረቃል፤ ከጋለው ራስ ሙቀት ይዞ ቀዝቀዝ ወዳለው ዘንግ ያደርሳል። በአንድ ሞተር ውስጥ፣ በአንድ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቫልቮች ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው።

ዘጠኝ ሺህ ዙር

ካርቦን ፋይበርስ? ቀልድ አይደለም፣ በእርግጥ እየጠየቅኩ ነው።

ዝምተኛ ማርሚታ

አየር ማስገቢያው ላይ አለ፤ ቡጋቲ ቺሮን እንዲያ ነው። ወደ እሳቱ መቅረብ ግን አይችልም፤ ክሮቹ ቢችሉም የሚያያይዛቸው ሙጫ ይለሰልሳል። ማክላረን ኤፍ1 አካሉ ካርቦን ፋይበር ስለሆነ የሞተሩን ክፍል በወርቅ ቅጠል የለበሱት ለዚሁ ነው። ወርቅ የጨረር ሙቀትን መልሶ በመወርወር የሚተካከለው ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ለጉራ ይመስለዋል።

የቅይጥ ነገር

አንድ አዲስ ነገር ጣል አድርጌ ልሂድ። በ2020 ፖርሽ ከሁለት ድርጅቶች ጋር ሆኖ የ911 ጂቲ2 አርኤስን ፒስተን በአታሚ ሠራ፤ የአሉሚኒየም ዱቄት በሌዘር ንብርብር በንብርብር እየቀለጠ ነው የሚያድገው። በመቀጥቀጥ ከሚሠራው 10 በመቶ ይቀላል። ከክብደቱ ይልቅ የገረመኝ ግን አናቱ ውስጥ ዙሪያውን የሚሄድ ዝግ የዘይት ቦይ መኖሩ ነው፤ በመቀጥቀጥ እንዲህ ያለ ቦይ ማውጣት አይቻልም። አናቱ ስለቀዘቀዘ 700 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ላይ እስከ 30 ተጨማሪ ማግኘት ይቻላል አሉ። ቁሱ ያው አሉሚኒየም ነው፤ የተለወጠው ቅርጹ ነው።

ጀማሪ ፒስተን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ኮምፒውተር ላይ ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር እየሣልኩ ነው፤ ሁሉንም ነገር በቲታኒየም ቀለም ቀብቼው ነበር። ዛሬ ማታ ብሎኩን አሉሚኒየም፣ ክራንክሻፍቱን ብረት፣ የጭስ ቱቦውን ኢንኮኔል አደረግኩ። ቱርቦ ስለሌለው ቢዬላው ቲታኒየም ሆኖ ቀርቷል። የቀሩኝ የቢዬላው ቡሎኖች ናቸው። እነሱም ከቢዬላው ጋር ቲታኒየም ይሁኑ?

ቶርኖ

ብረት አድርጋቸው፤ እንዲያውም ከሞተሩ ሁሉ ምርጡን ብረት ለእነሱ ስጣቸው። ቅድም ያሰላነው 1800 ኪሎ የሚያልፈው በሁለቱ ቡሎኖች በኩል ነው። ስታጠብቀው ቡሎኑ እንደ ስፕሪንግ ይለጠጣል፤ ቢዬላውን አፍኖ የሚይዘውም ያ መለጠጡ ነው። እኛ ስንገጥም የማጥበቂያውን ኃይል ብቻ አናምንም፤ ከማጥበቃችን በፊትና በኋላ ርዝመቱን በማይክሮሜትር እንለካለን። ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ ትንሽ አለፍ ይላል። ሥዕልህ ላይ ይህን ማሳየት ከቻልክ ላክልኝ፤ አየዋለሁ።